ከሰማያዊው ክፍል መመለስ የለም

ወደ ምድር ቤቱ የሚያወርዱት ደረጃዎች አሥራ ሰባት ናቸው። እታለም አትቆጥራቸውም፤ ሃያ ስድስት ዓመት ስለወረደችባቸው እግሮቿ ራሳቸው ያውቋቸዋል። ስድስተኛው ላይ ስትደርስ ወደ ግድግዳው ጠጋ ትላለች፤ ጠርዙ ከተሸረፈ ቆይቷል። ከታች በሩን ስትከፍት መጀመሪያ ቅዝቃዜው ይቀበላታል፤ ከዚያ ሽታው ይመጣል፦ የእርጥብ ሳንቃ፣ የወተት፣ የጨው፣ የእንጉዳይ። አዲስ ሰው አፍንጫውን ይይዛል። እሷ መብራቱን ታበራና ማንም እንዳይሰማት ዝቅ ባለ ድምፅ «እንዴት አደራችሁ» ትላለች። ለአይቦቹ ነው።

እታለም ወላጆቿ ያወጡላት ስም አይደለም። ባለሱቁ ልጅ ሳለ አባቱ መደብር ውስጥ እየሮጠ «እታለም! እታለም!» ሲል ከርሞ ስሙ ተጣብቆባት ቀረ። ዛሬ ያ ልጅ አባቱን ተክቷል፤ ጸጉሩም ከፊት ሳስቷል። እሷ ግን ለእሱም፣ ለሠራተኛውም፣ በዕድሜ ለሚበልጧት ደንበኞች ሳይቀር እታለም ናት።

ላይ፣ ሱቁ ውስጥ፣ ደንበኛ የሚያየው በመስታወት ውስጥ የተደረደረ ዓለም ነው። የጋሪ ጎማ የሚያህል አይብ አለ፣ አውራ ጣት የሚያህል አለ፤ በቅጠል የተጠቀለለ፣ አመድ የለበሰ፣ እንደ ክር ኳስ የተጠመጠመ። ደንበኛው የማያየው ምድር ቤቱን ነው። አይብ ላይ ይሸጣል እንጂ ላይ አያድግም። የሚያድገው ከታች ነው፤ በጨለማ፣ በየቀኑ የሚያገላብጠው፣ የሚያጥበውና የሚቆጣው ሰው ሲኖር። ያ ሰው እታለም ናት። ከእሷ በፊት ባሏ ነበር።

ምድር ቤቱ አንድ ጠባብ መተላለፊያና አራት ክፍሎች አሉት። የመጀመሪያው የነጮቹ ነው፤ ጥጥ የመሰለ ሻጋታ የሚያበቅሉት ለስላሳ አይቦች እዚያ ያድራሉ። ሁለተኛው የጠንካራዎቹ ነው፤ ሁለትና ሦስት ዓመት ያለ ሥራ የሚቀመጡ፣ ደረታቸው እንደ ከበሮ የሚመታ። ሦስተኛው በጨው ውሃ የሚታጠቡት፣ ከሽታቸው የተነሳ ማንም በእንግድነት የማይቀበላቸው አይቦች ነው። አራተኛው የሰማያዊዎቹ ነው። እነዚህ በረጅም መርፌ ይወጋሉ፤ አየር በቀዳዳው ገብቶ ሻጋታቸው እንደ ደም ሥር ውስጥ ለውስጥ ይሄዳል። ከአራተኛው ክፍል አጠገብ ወደ ግቢ የሚያወጣ በር አለ። ግቢው ውስጥ የእጅ መታጠቢያ፣ ጋዋን የሚቀቀልበት በርሜልና ሳንቃ የሚሰጣበት ገመድ አለ።

ሕጉ አንድ ነው፤ ባሏ ያወጣው፣ እሷም ያጠበቀችው። ሥራ ከነጮቹ ይጀመራል፣ በሰማያዊዎቹ ያልቃል፣ በግቢው በር ይወጣል። ሰማያዊው ክፍል የገባ ሰው እስከ ነገ ጠዋት ወደ ነጩ ክፍል አይመለስም። ነገሩ ጭካኔ አይደለም። የሰማያዊው ሻጋታ እንደ ዱቄት ቀላል ነው፤ በእጅጌ ላይ ይቀመጣል፣ በጸጉር ላይ ይቀመጣል፤ ነጮቹ ጋ ከደረሰ ደግሞ ሳይጠሩት መጥቶ ባለቤቱ አልጋ ላይ እንደሚተኛ እንግዳ ነው። «ቀን ወደ ፊት ነው የሚሄደው» ይላት ነበር ባሏ። «አንቺም እንደ ቀኑ ሂጂ።»

እታለም በዚህ ሕግ ቀልድ አታውቅም። የዛሬ አሥራ አምስት ዓመት፣ ባሏ በሞተ በዓመቱ፣ አንድ ሳቅ ጨዋታ የሚያበዛ ሠራተኛ ከሰማያዊው ክፍል ወጥቶ ነጩ ክፍል የረሳውን ባርኔጣ ሊያመጣ ተመለሰ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሽማግሌው ባለሱቅ፣ የአሁኑ አባት፣ «ይቅር በይው፣ ሰው ነው» ቢሏት «ሕግ ሕግ ነው፤ ዛሬ ለባርኔጣ የተመለሰ ነገ ለመሐረብ ይመለሳል» አለች። ሰውየው ተሰናብቶ ሄደ። ባርኔጣውን እንኳ ሳይወስድ ነው የሄደው። ግቢው ውስጥ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሎ ሁለት ክረምት ከቆየ በኋላ አንድ ቀን ነፋስ ወሰደው።

ነገሩ የጀመረው በነጩ ክፍል ግድግዳ ነው።

ከበሩ በስተግራ፣ ከመደርደሪያው ኋላ፣ ባሏ በእርሳስ የጻፈው ዝርዝር ነበር። አዲስ ዓይነት አይብ ከየትም አገር ሲመጣ ይቀምሰውና ስሙን ይጽፋል፤ ከስሙ ቀጥሎ ጠባዩን፣ ልክ ስለ ሰው እንደሚያወራ። ለሥራ የሚጠቅም ነገር አልነበረበትም። እታለም ግን ጠዋት ጠዋት አይቦቹን ስታገላብጥ ዓይኗን ወደዚያ ጣል ታደርጋለች። የመጨረሻው መስመር «ብሩኖስት» ይልና ከጎኑ ሰረዝ አለ፤ ከሰረዙ በኋላ ባዶ ነው። ቡናማው አይብ ነው፤ በቀዝቃዛ አገር የሚሠራ። አይቡ የመጣ ዕለት ባሏ ቀምሶት «ይሄን ገና አልገባኝም፤ በሚቀጥለው ሳምንት ደግሜ ልቅመሰው» አላት። የሚቀጥለውን ሳምንት ግን አላየውም። ሱቁ ያንን አይብ እስከ ዛሬ ይሸጠዋል። እሷ አንድ ቀን አፏ አድርሳው አታውቅም።

ባለሱቁ ግድግዳው ተላልጧል፣ ይቀባ ሲል ሐሙስ ተባለ። እታለም ዝርዝሩን ነገ እገለብጠዋለሁ፣ ነገ እገለብጠዋለሁ እያለች ሦስት ቀን አሳለፈች። መገልበጥ ማለት ግድግዳው መሄዱን መቀበል ነውና፣ እሱ ይሆናል ያዘገያት።

ማክሰኞ ከቀትር በፊት ሰማያዊው ክፍል ውስጥ መርፌዋን ይዛ ስትወጋ፣ ባለሱቁ ከግቢው በር ጮኸ።

«እታለም! ቀቢው ዛሬ መጣ! ሐሙስ ሌላ ሥራ አለኝ ይላል። ከነጩ ክፍል ነው የሚጀምረው፤ አይቦቹን አሁን ወደ ላይኛው ማቀዝቀዣ እናወጣቸዋለን!»

መርፌውን አስቀመጠች። የሆነው ሁሉ ከዚያ በኋላ እግሯ የሠራው ነው። በመተላለፊያው ሮጣ፣ የታጣቢዎቹን በር አልፋ፣ የጠንካራዎቹን በር አልፋ ነጩ ክፍል ገባች። መደርደሪያውን በእጇ ገፋች፤ አይቦቹ የተቀመጡበትን ሳንቃ ሳብ አደረገች፤ በላያቸው ላይ ጎንበስ ብላ በመጠቅለያ ወረቀት ጀርባ ላይ መስመር በመስመር ገለበጠች። ቀቢው ባልዲውን አንጠልጥሎ እያፏጨ ገባ።

«እማማ፣ ከግድግዳ ጋር ነው እንዴ የሚያወሩት?»

«አንድ ደቂቃ፣ ልጄ።»

«ግድየለም፣ ይጨርሱ። እኔ ስጀምር እንደሁ አይመልስልዎትም።»

ወረቀቱን አጥፋ ኪሷ ከተተች። ግቢ ወጥታ እጇን ልትታጠብ ስትል ነው እጅጌዋን ያየችው። በነጩ ጋዋን ላይ፣ ከክርኗ በታች፣ እንደ አቧራ የመሰለ ሰማያዊ። ውሃው እየፈሰሰ ቆማ ቀረች።

ያን ጊዜ ብትናገር ነገሩ ቀላል ነበር። ከመደርደሪያው ላይ ያሉት ይለያሉ፣ ይጠበቃሉ። እሷ ግን «ምናልባት አልነካም» አለች ለራሷ፤ ወረቀቱን ከኪሱ አውጥታ ጋዋኑን በርሜሉ ውስጥ ጨመረችና ክዳኑን ገጠመችው።

በዐሥረኛው ቀን ጠዋት ነጮቹን ልታገላብጥ ስትገባ ፊታቸው ላይ ነጥብ ነጥብ አየች። ሰማያዊ ነው፣ ምንም አያጠራጥርም። ሰባ ሁለቱም። ለአንድ ትልቅ ሆቴል ግብዣ የታዘዙ ነበሩ።

ባለሱቁ ወርዶ አየ። ሆቴሉ ጋ ደውሎ ይቅርታ ጠየቀ፤ ከዚያ ተመልሶ ደረጃው ስር ቆሞ በዚያ ቤት ሁሉም የሚያውቀውን ጥያቄ ጠየቀ።

«ማን ተመለሰ?»

እታለም አፏን ከፈተች። እሱ ግን መልስ እየጠበቀ አልነበረም።

«አንቺ እንደማትመለሺ አገር ያውቃል። ሻጩ ከላይ አይወርድም። የቀረችው ሳንቃ አጣቢዋ ናት፤ ሥራ ከገባች ገና አራት ወሯ ነው። የሰማያዊውንና የነጩን ሳንቃ በአንድ ውሃ አጥባ ይሆናል። ሁለቱም አንድ ነው፣ መመለስ ማለት ነው።» ትንፋሹን አወጣ። «ክፉ ልጅ አይደለችም። ቅዳሜ ከቅምሻው በኋላ እነግራታለሁ። አንቺ ነሽ ያስተማርሽኝ፣ ሕግ ሕግ ነው።»

ዕለቱ ሐሙስ ነበር።

ሳንቃ አጣቢዋን ሳቂታ ይሏታል። የሁለት ዓመት ሴት ልጅ አላት፤ ስለ ልጅቷ ስታወራ ትስቃለች፣ ብሩሹ ከእጇ ሲያመልጥ ትስቃለች፣ እታለም ስትቆጣት ደግሞ አፏን በክንዷ ሸፍና ትስቃለች። የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ ግን ግቢው ውስጥ በባልዲዋ ላይ አጎንብሳ እታለምን ስታይ አልሳቀችም።

«እታለም፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?»

«ጠይቂኝ።»

«እኔ እሆን እንዴ?» እጇን በሽርጧ ጠረገች። «ውሃውን ሁልጊዜ እቀይራለሁ። ነጩን በጠዋት፣ ሰማያዊውን መጨረሻ፣ እንዳስተማሩኝ። ግን ከጠዋት ጀምሮ ሳስበው አንድ ቀን ልጄ አሟት ተጣድፌ ነበር። ያን ቀን መቀየሬን ማስታወስ አቃተኝ። ካላስታወስኩ ደግሞ አልቀየርኩም ማለት አይደል?»

«እንደሱ ማለት አይደለም።»

«ሰባ ሁለቱም እኮ ነው፣ እታለም። የእርስዎን ድካም ነው ያበላሸሁት። ይቅር ይበሉኝ።»

ጎንበስ ብላ ጉልበቷን ልትነካ ስትል እታለም እሳት እንደነካት ወደ ኋላ ዘለለች። «ተይ! ተነሺ!» አለቻት። ድምፅዋ የቁጣ ስለነበር ሳቂታ ፍርሃቱ ባሰባት።

እታለም ከታናሽ እህቷ ጋር ነው የምትኖረው። እህቷ ልብስ ሰፊ ናት፤ መርፌ ከአፏ ሳታወጣ ማውራት ትችላለች። ያን ምሽት እራት ላይ ሁሉንም ነገረቻት።

«አሁን ምን ሆነሽ ነው የምትለፈልፊው?» አለች እህቷ፣ መሐል ላይ አቋርጣ። «ማንም አላየሽም። ቀቢው ቢያይሽ ስለ አይብ ምን ያውቃል? ሃያ ስድስት ዓመት እንጀራ ያበላሽ ስምሽ ነው። ልጅቷ ወጣት ናት፣ ሌላ ሥራ ታገኛለች። ዝም አይነቅዝም።»

«አይነቅዝም፣ ልክ ነሽ። ይሻግታል እንጂ።»

«አንቺ ሁሉን ነገር አይብ አታድርጊው!»

እታለም ሳቀች፤ ሳቁ ግን ቶሎ ቆመ። «ያንን ባለባርኔጣ ታስታውሺዋለሽ?»

እህቷ መርፌዋን ከአፏ አወጣች። «ምነው አስታወስሽኝ። አንድ ጊዜ ገበያ አግኝቶኝ ‹እታለም ደህና ናት?› አለኝ። ቂም የያዘ ሰው አይመስልም ነበር። ባርኔጣ ግን አላደረገም።»

እህቷ ሳህኖቹን አነሳች። እታለም ከጋዋኗ ኪስ ያወጣችውን ወረቀት ዘርግታ መብራቱ ስር አነበበችው፤ በራሷ የእጅ ጽሕፈት ውስጥ የባሏን ድምፅ ፈለገች። አለ፣ ግን ከሩቅ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ሱቁ ሳይከፈት ሠራተኛው ሁሉ ከኋላ ባለው ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣል። የሳምንቱ አይብ ሁሉ ይቆረሳል፣ ይቀመሳል። ደስ የሚል ሰዓት ነው፤ ሻጩ ይቀልዳል፣ ባለሱቁ ይቆርሳል። ያን ቀን ግን ጠረጴዛው መሐል ፊቱ ሰማያዊ ነጥብ ያለበት አንድ ነጭ አይብ ተቀምጧል። ሳቂታ ጫፍ ላይ ተቀምጣ እጆቿን ጭኗ መሐል ደብቃለች።

ባለሱቁ ቢላውን አነሳና «እንግዲህ» አለ።

«እኔ ነኝ» አለች እታለም።

«አንቺ ምን?»

«የተመለስኩት እኔ ነኝ። ማክሰኞ፣ ቀቢው የመጣ ቀን። ከሰማያዊው ክፍል፣ ከነጋዋኔ።»

ሻጩ ሊስቅ ከንፈሩን ከፈተና ፊቷን አይቶ ዘጋው። «አሁን ይሄ ቀልድ ነው?» አለ ቀስ ብሎ።

«ቀልድ አላውቅም፣ ታውቀኛለህ።» ወረቀቱን ከደረቷ አውጥታ ባለሱቁ ፊት ዘረጋችው። «ለዚህ ነው። ግድግዳው ላይ የነበረው ነው። በዐሥረኛው ቀን እንዲህ እንደሚሆን አውቅ ነበር፣ ዝም አልኩ። ሐሙስ ዕለትም አንተ የእሷን ስም ስታነሳ ዝም አልኩ። እሷ ደግሞ ያላጠፋችውን ጥፋት ይቅርታ ጠየቀችኝ። ከሁሉ ይሄኛው ይብሳል።»

ሳቂታ ቀና አለች። ባለሱቁ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አስጠጋው፤ ለራሱ ማንበብ ጀመረና መሐል ላይ ድምፁን አወጣ፦

«‹ካማምቤር — ሦስት ቀን ሙሽራ፣ በአራተኛው አማት። ፓርሚጃኖ — ሽማግሌ ነው፤ ካላንኳኩበት አይናገርም። ፌታ — ከእንባው ካወጡት የሚሞት። ሞዛሬላ — ዛሬ እንግዳ፣ ነገ የለም። ሃሉሚ — እሳት ላይ አስቀምጠውት ሞቀኝ የማይል። ማንቼጎ — የእናቱን ቅርጫት ምልክት ጀርባው ላይ ይዞ የሚዞር። ሊምበርገር — እግሩ ይሸታል፣ ልቡ ንጹሕ ነው›…»

«እሱ እኔ ነኝ!» አለ ሻጩ፤ ሳቂታ ሳታስበው ፈነዳች፤ ከዚያ ሁሉም ሳቁ፤ እታለምም ዓይኗን እየጠረገች ሳቀች። ባለሱቁ ቀጠለ፦ «‹ጎዳ — በልጅነቱ ለስላሳ፣ ሲያረጅ ቁጡ። ቹርፒ — ከተራራ የመጣ፤ ግማሽ ቀን አፍህ ውስጥ ተቀምጦ አመሰግናለሁ የማይል። ሮክፎር — ጉረኛ፤ ግን የሚጎርርበት አለው። ብሩኖስት›…» ባለሱቁ ቆመ። ወረቀቱን ገለበጠ። ጀርባው ላይ ምንም የለም።

«እዚያ ጋ ነው ያቆመው» አለች እታለም።

ባለሱቁ ወረቀቱን በጥንቃቄ አጥፎ መለሰላት። ልጅ ሳለ በዚያ ሰው ትከሻ ላይ ሆኖ መደርደሪያዎቹን ያይ ነበር። «ታዲያ አሁን ምን ላድርግ?» አለ፣ ከባለሱቅነት ይልቅ በልጅነቱ ድምፅ።

«ለባለባርኔጣው ምን አልን?»

«እታለም፣ አንቺን ካሰናበትኩ ምድር ቤቱን ማን…»

«አሰናብተኝ አላልኩም። እንዳላየ እለፈኝም አላልኩም።» ከቀበቶዋ የቁልፍ ዘለላ ፈታች፤ ከአራቱ ቁልፎች አንዱን አውጥታ በጠረጴዛው ላይ ወደ ሳቂታ ገፋችው። «የነጩ ክፍል የእሷ ነው። እኔ ከጠንካራዎቹ እጀምራለሁ። ነጩ ክፍል ውስጥ እግሬን አላስገባም።»

«ለስንት ጊዜ?»

«ባለባርኔጣው ለስንት ጊዜ ነበር የሄደው?»

ሳቂታ ቁልፉን አየችው እንጂ አልነካችውም። «እኔ እኮ ምንም አላውቅም» አለች። «ሳንቃ ማጠብ ነው የማውቀው። ማን ያስተምረኛል?»

«እኔ። በሩ ላይ ቆሜ።»

እንደተባለው ሆነ። ጠዋት ጠዋት እታለም ደረጃውን ወርዳ፣ በነጩ ክፍል ደፍ ላይ እጇን ከኋላዋ አጣምራ ትቆማለች። «በሁለት እጅሽ! ሕፃን እንደምታነሺ!» ትላለች። «ጥፍርሽን ቁረጪ።» «ያቺ ከጥግ ያለችው እርጥበቱ ከብዷታል፣ ወደ በሩ አምጫት።» ሳቂታ ታገላብጣለች፣ ትሳሳታለች፣ ትስቃለች። የመጀመሪያዎቹ አይቦች በዐሥራ ሁለተኛው ቀን እንደ ጥጥ ነጭ ሆነው ሲወጡ፣ አንዱን በመዳፏ ይዛ ደፉ ድረስ አምጥታ አሳየቻት። እታለም በአንገቷ ብቻ እሺ አለች፤ ከዚያ ጠንካራዎቹ ክፍል ገብታ በሩን ዘግታ ጥቂት ቆየች።

አንድ ሰኞ ጠዋት ስትወርድ ሳቂታ እርሳስ ይዛ አዲሱ ግድግዳ ፊት ቆማለች።

«ባለሱቁን አስፈቅጃለሁ» አለች ቶሎ ብላ። «‹ቀለሙ ገና ዓመት አልሞላውም› ብሎ አለቀሰ፣ ግን ፈቀደ። ወረቀቱን ይዘዋል?»

እታለም ከደፉ ላይ ሆና አነበበችላት፣ ሳቂታ ጻፈች። የእጅ ጽሕፈቷ የዶሮ ጭረት ነው፤ መስመሩም ወደ ላይ ይወጣል። «ሃሉሚን ዝቅ አድርጊው፣ ወደ ጣሪያው ሊሸሽ ነው» ብላ አረመቻት። እየተሳሳቁ መጨረሻው ላይ ደረሱ።

«ብሩኖስት፣ ሰረዝ» አለች ሳቂታ እየጻፈች። «ከዚያስ?»

እታለም ወረቀቱን አጣጠፈችው። «ከላይ ቁራጭ አምጪልኝ። ቀጭን።»

ሳቂታ ሮጣ ሄዳ መጣች። ቡናማ ነው፣ እንደ ሳሙና የለሰለሰ። እታለም ምላሷ ላይ አስቀመጠችው፤ አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ምን ምን እንደሚል ሳታውቀው የኖረችው ነገር ጣፋጭ ነበር። ያረረ ስኳር የመሰለ፣ ከበስተኋላው ትንሽ ጨው።

«ስኳር ይጨምሩበታል?» አለች ሳቂታ።

«የለም። አጓት ነው። አይቡ ወጥቶ ካለቀ በኋላ የሚቀረውን ውሃ ሌላው ይደፋዋል። እነዚህ ግን ቀኑን ሙሉ እሳት ላይ ያቆዩታል፣ እንዲህ እስኪሆን።» ዋጠችው። «‹ከቀረው የተሠራ› ብለሽ ጻፊ።»

ሳቂታ ጻፈችና ራቅ ብላ አየችው። «እርሳቸው ቢሆኑ የሚያስቅ ነገር ይጨምሩበት ነበር።»

«ይጨምር ነበር» አለች እታለም። «ቦታ ተይለት።»

ሳቂታ ከመስመሩ ቀጥሎ ሁለት ጣት የሚያህል ክፍት ቦታ በዓይኗ ለክታ እርሳሱን ጆሮዋ ላይ ሰካችው። ነጮቹ እየጠበቋት ነበር። እታለም ፊቷን አዙራ ወደ ጠንካራዎቹ ሄደች፤ ከዚያ ወደ ታጣቢዎቹ፣ ከዚያ ወደ ሰማያዊዎቹ፤ ሲያልቅም በግቢው በር ወጣች።